ሽቶ የገባበት ምድር ቤት

የካቲት 9፣ ሰኞ ጠዋት

የኔ አፍንጮ፣

ከሁሉ በፊት፦ አባትሽ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ገና ሳትከፍቺው ማልቀስ እንደምትጀምሪ ስለማውቅ ነው። አሁን ጫማሽን አውልቂና ቁጭ በይ። የምነግርሽ ነገር መጨረሻው ደግ ነው። መሀሉ ግን ጨጓራዬን ልጦታል፤ ብቻዬንማ አልላጥም፣ አንቺም ትንሽ ትላጪያለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ፣ አባትሽ ደግሞ አንቺ ስትደውዪ ኮሪደሩ ላይ የሚፈልገው ነገር ስለማያጣ ነው። "ደህና ነሽ? ቆይ እናትሽን ላቅርብልሽ" ይልና ይሸሻል። ከዚያ እስክንጨርስ ድረስ መነጽሩን ፍለጋ አጠገቤ ይንጎራደዳል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። ደግሞም "ለልጅቷ እንዳትነግሪያት" ብሎ አስምሎኝ ነበር። መሐላው የተነሳልኝ ያለፈው ሐሙስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትሽ ማሽተት አቅቶት ነበር።

ብርዱ የጠና ጊዜ ኃይለኛ ጉንፋን ጣለው፣ ይህን ነግሬሻለሁ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሳሉም ለቀቀው፣ ማሽተቱም አብሮ ሄደ። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ቸገረው፣ የሚበላው ምግብ አይጣፍጠውም እንጂ ሥራው አይቆምም። አባትሽ ግን የሚኖረው በአፍንጫው ነው። የወይን ቤቱ ቀማሽ አይደል፤ ወይኑ በርሜል ውስጥ ምን ያህል እንደሚተኛ፣ የትኛው በርሜል ከየትኛው ጋር እንደሚዋሃድ፣ መቼ ጠርሙስ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። መሣሪያው ደግሞ እዚያው ፊቱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

እኔ የጠረጠርኩት በወተት ነው። ወተት ጥጄ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ፣ ጎረቤት ያዘችኝ፣ ወሬያችን ረዘመ። ስመለስ ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ድስቱ ከሰል ሆኗል። አባትሽ ለምድጃው ጀርባውን ሰጥቶ ተረጋግቶ ጋዜጣ ያነባል። ይህ እንግዲህ ሽንኩርት መክተፌን ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያውቅብኝ ሰውዬ ነው!

የቤታችንን ሕግ መቼም አልረሳሽውም። ሽታ ያለው ሳሙና ክልክል ነው። ሽንኩርት ከሰዓት በፊት አይቁላላም። የወለል ሰም ክልክል፤ ሽቶማ ስሙም አይነሳም። እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ በልብስ ሳሙና ታጥቤ የተዳርኩ ሴት ነኝ። "አፍንጫዬን ታበላሺብኛለሽ" ነው ሁልጊዜ። ሌላው ሴት ሁሉ ሲያልፍ አበባ አበባ ሲል፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምንም ምንም ሳልል ኖርኩ።

አንቺ ደግሞ ከዚህ ቤት ወጥተሽ ሄደሽ ሽቶ ቀማሚ ሆንሽ! አባትሽ ቦታውን ለአንቺ እያሰበ፣ ገና በእግርሽ ሳትጸኚ አቅፎሽ ከበርሜል በርሜል እየዞረ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ካላሸተትሽ አልበላም ስለምትዪ "አፍንጮ" ብሎ ስም አውጥቶልሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን "የኔ መንገድ ሌላ ነው" አልሽው። "እንግዲያው ሂጂና ሳሙና ሽጪ" አለሽ። ያቺን ቃል እሱም መልሶ አልዋጣት፣ አንቺም አልተውሻት። ከሄድሽ ወዲህ አንድም ዕረፍትሽን እዚህ አላሳለፍሽም።

የመጀመሪያ ሥራሽን፣ ያቺን ትንሽ ጠርሙስ፣ የላክሽልን ጊዜ ምን እንዳደረጋት አልነገርኩሽም ነበር። ሳይከፍት በፕላስቲክ ጠቀለላት፣ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተታት፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣት። ግን አልጣላትም። ይህን አልረሳሁለትም።

እና ወተቱ ባረረ ማግስት ወንበር ላይ ወጣሁና ቆርቆሮውን አወረድኩ። ከፈትኳት። ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ! አንገቴንም፣ ክንዴንም፣ ሻርፔንም፣ ያልደረሰበት ቦታ የለም። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

"ምን አዲስ ነገር አለኝ?" አልኩት።

ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። "ጫማ ገዛሽ እንዴ?"

እግሬ ላይ ያለው ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ገባው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ተቀብተሽ ነው?"

"ልጅህ የላከችውን።"

ጎንበስ ብሎ አንገቴ ስር አፍንጫውን ደቀነ። ሳበ። ደግሞ ሳበ። "ምንም የለም" አለ። "ውሃ ነሽ።" ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አንጀቴን በላው።

የሚያስፈራው ደግሞ አፍንጫው ብቻ አልነበረም። ይህን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በስተርጅና የተማርኩት ስለሆነ ትንሽ ልኩራራበት። በርሜል ውስጥ ያለ ወይን እንዳስቀመጡት አይቀመጥም። እንጨቱ ጥቂት ይጠጣዋል፣ ጥቂት ይተናል። ሲጎድል ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ እዚያ አየር ይቀመጥና ወይኑን ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከትልቁ የመሙያ ጠርሙስ እየተቀዳ እስከ አፉ ይሞላል። ከመሙላት በፊት ግን የሚሞላውን ወይን ማሽተት ግድ ነው፤ እሱ ራሱ ኮምጥጦ ከሆነ በርሜሉን ሁሉ ይዞት ይሄዳላ! አባትሽ ማንም እንዳያውቅበት ብሎ እንደ ወትሮው ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው እያስጠጋ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ምንም ሳይሸተው ሲሞላ ሰንብቷል።

"ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ወይን ነው" አለኝ። "ገድዬው ይሆናል። አልገደልኩትም ይሆናል። አላውቅም።"

"ታዲያ ለአለቃህ ንገረዋ!"

አለቃውን ታውቂዋለሽ፣ የድሮው ባለቤት ልጅ፣ ሠራተኛው ሁሉ "ቶሎ ቶሎ" እያለ የሚጠራው። ሰውዬው ባዶ ጠርሙሶቹ ከመጡ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። "ጋሼ፣ ቡሹም መጥቷል፣ መቼ ነው የምንሞላው?" ይለዋል፤ ጠዋት ይጠይቃል፣ ከሰዓት ይደግማል። "ማሽተት የማይችል ቀማሽ ምን ያደርግለታል?" አለኝ አባትሽ። "በማግስቱ ሌላ ያመጣል። እኔስ ምን ልሆን ነው? በር ላይ ቁጭ ብዬ መኪና ልቆጥር?"

እየጎተትኩ የአፍንጫ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ደህና ሰው ነው፣ ግን ተስፋ አያበዛም። "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ጠዋትና ማታ የሚያውቁትን ነገር እያሰቡ ያሽቱ" ብሎ ሰደደን። ከዚያ ወዲህ አባትሽ ከአልጋ ሲነሳ ሎሚና ቅርንፉድ ይዤ እጠብቀዋለሁ። ያሸታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፊቱን ይታጠባል።

ወይኑ ግን ሐኪም አይጠብቅም። ስለዚህ ማን አፍንጫ ሆነ? እኔ! አንድ ብርጭቆ ካለፈ ራሴን የሚያዞረኝ፣ ወይን አይስማማኝም እያልኩ ያረጀሁ ሴትዮ። ጉልበቱን ስላመመው መብራት ልያዝለት ነው ብለን አወራን፣ ምድር ቤት አብሬው መውረድ ጀመርኩ። ረጅሙን የመስታወት ቱቦ በበርሜሉ ቀዳዳ ይሰድና ይቀዳል፣ ብርጭቆውን ለኔ ይሰጠኛል።

"ምን ይሸታል?" በሹክሹክታ።

"ወይን።"

"አንቺ ሴትዮ!"

"እሺ፣ እሺ። ዝናብ የመታው ካርቶን።"

"ኧረ ወዮ! ይኼ የበሩ በርሜል ልዩ ክትትል ይፈልጋል። ቀጥዪ። ይኼስ?"

"አዲስ ደብተር፣ ገና ሲከፈት።"

"እሱ የበርሜሉ እንጨት ነው፣ ጥሩ ነው። ቅመሽው።"

"ድዴን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ።"

"ገና ነው ማለት ነው። ሲደርስ ድድ አይዝም፤ ምላስ ላይ ጋደም ይላል።"

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ወይኑን ከአተላው ለይተው ወደ ንጹሕ በርሜል ሲገለብጡ ቆሜ አየሁ። ብናኙን ይዞ ወደ ታች እንዲወርድ የእንቁላል ነጭ መትተው ሲጨምሩበት አየሁ። ነጩ ለወይኑ፣ አስኳሉ ለኔ፤ ያን ሳምንት ኬክ ስጋግር ነው የከረምኩት፣ ጎረቤቶቻችን ድግስ ያለን መስሏቸዋል። አባትሽን ግን እያየሁ ነበር። በርሜሉን በጣቱ እያንኳኳ በድምፁ መጉደሉን ያውቃል፣ ቡሹን በእጁ ዳብሶ እርጥበቱን ያውቃል። አፍንጫው ጋ ሲደርስ ግን ብርጭቆውን እንደ ሰው ዕቃ አስጠግቶ ይመልሰዋል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለሱ እንዳትነግሪው። በዚህ ሁሉ መሀል ሽቶሽን እየተቀባሁ ነበር። ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ ግን በየቀኑ። ጎረቤቴ "ምን አገኘሽ አንቺ?" አለችኝ፣ ደስ አለኝ። አፍንጫው እንዲመለስለት ጠዋት ጠዋት እጸልያለሁ፤ የተመለሰ ዕለት ሽቶዬ እንደሚቀርብኝም አውቃለሁ። አንድ ቀን "ጌታዬ ሆይ መልስለት፣ ብቻ ጠርሙሷ ካለቀች በኋላ ይሁን" ብዬ ራሴው ደነገጥኩ። ይቅር ይበለኝ።

ያጋለጠኝም ይኸው ሽቶ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተቀጠረች፣ ላቦራቶሪ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። አንድ ቀን ምድር ቤት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"እትዬ፣ ሽቶ ተቀብተው ገብተዋል።"

ክው አልኩ! አንገቴን ታጥቤ ነበር፣ ሻርፔን ረስቼው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ቤት ሕግ የኖርኩ ሴት፣ ሽቶ ይዤ በርሜል መሀል!

"የገረመኝ የእርስዎ መግባት አይደለም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጋሼ ምንም አለማለታቸው ነው።"

ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። መደበቂያ የለኝም፣ ሁሉን ዘርግፌ ነገርኳት፤ የመሙያውንም ጭምር። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልገረማትምም። ከየበርሜሉ ትንሽ ትንሽ ቀድታ ወሰደች፣ በማግስቱ መልሱን አመጣችልኝ። በሩ አጠገብ ያለው በርሜል ኮምጥጧል፤ የቀሩት ሁሉ ደህና ናቸው። "ግን እኔ መታመሙን ነው የምነግርዎት" አለችኝ። "መድረሱን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው።" ለአባትሽ ስነግረው "ከበሩ አጠገብ ያለው ብቻ?" አለ። "እሱ ብቻ።" ያን ቀን የቀረበለትን ምሳ ጨርሶ በላ።

ከዚያ አለቃውን፣ "ቶሎ ቶሎ"ን፣ አላስችል አለው፣ ሐሙስ ጠዋት ቀምሳችሁ ወስኑልኝ አለ። እሱም ሊገኝ ነው። ምን ይውጠን! ዘዴ አበጀን። እኔ በዋዜማው ሁሉንም ቀምሻለሁ፤ መብራት ይዤ አጠገቡ እቆምና፣ ያልደረሰ ከሆነ አንዴ፣ የደረሰ ከሆነ ሁለቴ እግሩን እረግጠዋለሁ። እንግዲህ የወይን ቤቱ ሀብት በኔ ተረከዝ ላይ ነው። ጠዋት ስንወጣ ብርድ ነበር፤ ተጣድፌ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አንስቼ ደረብኩ። ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

ምድር ቤት ገባን። አባትሽ፣ እኔ፣ አለቃው፣ ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ልጅ። አባትሽ ከመጀመሪያው በርሜል ቀዳ፣ ብርጭቆውን አዘዋወረ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እኔ እግሬን አነሳሁ። አባትሽ ቆመ። ግንባሩን ቋጠረ። ብርጭቆውን አራቀና አየሩን ሳበ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ።

"ማነው ምድር ቤቴ ውስጥ ሽቶ ይዞ የገባው?!"

ጩኸቱ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰ። አለቃው ዘለለ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር ወጣኝ።

"ምን ያስቅሻል? ውጪልኝ! አሁኑኑ ውጪ ከዚህ!"

"ሸተተህ?" አልኩት።

እጁ በአየር ላይ ቀረ። እንደገና ሳበ፣ ቀስ ብሎ። ዐይኑ እንባ ሞላ። "ሸተተኝ" አለ።

ሰው ጮኾብኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነፍሴ መለስ አለች። ቢሆንም አስወጣኝ እኮ፣ ሻርፔን ጠቅልዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለሁሉም ሥራ ሥራ ነው። መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ፣ ከዚያ እየጠራ እንደመጣለት በኋላ ነገረኝ። ከበሩ ጀርባ ድምፁን እሰማለሁ፦ "ይኼ ደርሷል። ይኼ ይቆይ። ይኼን ከዚያኛው ጋር አዋህዱት።" ያ የድሮ ድምፁ ነበር፣ ማንንም የማያስፈቅደው።

ሲጨርስ ሁሉን ራሱ ለአለቃው ነገረው። የበሩን በርሜል ለኮምጣጤ እንዲያወጡት፣ ጥፋቱም የሱ እንደሆነ። አለቃው የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። "አሁን ተመልሷል ጋሼ?" "ተመልሷል።" "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? እጠብቅዎት ነበር እኮ።" "ቶሎ ቶሎ" እጠብቅ ነበር አለ! አባትሽ እስካሁን ይህን ሲያስታውስ ለብቻው ይስቃል።

ቤት እንደገባን እኔ በልብስ ሳሙና አንገቴን ልፈገፍግ ሮጥኩ። አባትሽ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ሻርፑን አምጪው።"

"ላጥበው ነው፣ ቆይ።"

"አትጠቢው። አምጪው አልኩሽ።"

ወጥ ቤት ተቀመጠ። ሻርፑን እንደ ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ እንደምታውቂው አንገቱን ዘንበል አደረገ። "የሎሚ ልጣጭ" አለ። "ቀጥሎ የደረቀ በለስ።" ሻርፑን አገላበጠው። እየቆየ "ስሩ ላይ እርጥብ እንጨት አለ። ድኝ የታጠነ በርሜል። የድንጋይ ግድግዳ።" ሻርፑን ፊቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። "የኛ ምድር ቤት ነው" አለኝ። "ይቺ ልጅ የኛን ምድር ቤት ጠርሙስ ውስጥ ከታ ልካልኝ፣ እኔ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ..." አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም፣ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት።

ውሃውን ሲጠጣ ግን ወዲያው ቀማሽነቱ ተመለሰበት። "ትንሽ ቸኩላለች" አለ። "ጠርሙስ ከማስገባቷ በፊት ጥቂት ወር አስተኝታው ቢሆን ሎሚው ረጋ ይል ነበር። ጻፊላት።" ጻፍኩልሽ። እንዳይከፋሽ፤ ይህ ሰው የናቀውን ወይን ምራቁን ተፍቶ ያልፈዋል፣ እንዲህ አስቦ የሚተቸው ያከበረውን ብቻ ነው። ምን ዓይነት እንጨት እንደተጠቀምሽ ንገሪው ብሏል፣ እሱ ገምቷል፣ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው የሚፈልገው። ለኔም አዲስ ሕግ ወጥቶልኛል፦ ምድር ቤት በሚዘጋበት ቀን፣ እሁድ እሁድ ብቻ፣ ሽቶ ተፈቅዷል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እንደምታውቂው በየመከሩ ከወይኑ አንዲት ትንሽ በርሜል ለቀማሹ ትሰጣለች። ከዚሁ ከሁለት ዓመቱ ወይን የተሰጠችን የኛ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች። ትናንት "የኛንስ መቼ ነው ጠርሙስ የምንከተው?" አልኩት።

"ገና ነው።"

"እስከ መቼ?"

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "ልጅቷ ዕረፍት የምትወጣው መቼ ነበር?" አለኝ። ነገርኩት። "እንግዲህ እስከዚያ አካባቢ" አለና ወጣ።

ዛሬ ጠዋት እሱ ሥራ ሲሄድ ቱቦውን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ቀዳሁ፣ እንዳስተማረኝ አሸተትኩ። ካርቶን የለም። ደብተሩም ከፍሬው ጋር ተስማምቷል። ቀመስኩት። ድዴን አልያዘኝም ልጄ፤ ምላሴ ላይ ጋደም አለ።

ወይኑ ደርሷል። አባትሽም መድረሱን ያውቃል። እኔ ምንም አላልኩትም፣ ማታ ቢያነሳውም "አዎ፣ ገና ነው" እለዋለሁ። ብቻ ትንሽ በርሜል ብዙ እንደማይጠብቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከቆየ እንጨቱ ያሸንፈዋል። እስክትመጪ ድረስ እንዳይጎድል በየሳምንቱ እኔ እሞላዋለሁ፣ መጀመሪያ አሽትቼ።

ያሰብሽው ይቃናልሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ፣ ያቺን አፍንጫሽን ከጉንፋን ይጠብቅልኝ።

እሁድ እሁድ ሽቶ የተፈቀደላት
እናትሽ